ምክንያቱ ኋላ ነው

መጋዘኑ የሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱ ከወጣ ቆይቷል፤ የበሰበሰው ግን መሬቱ ላይ ተረግጦ ቀርቷል። በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ስገፈተር መጀመሪያ ያየሁት ዓይናቸውን በእጅጌያቸው የሚጠርጉ ሰዎችን ነው። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥሁ። አንዱ ገብቶት ነው መሰለኝ «አይዞህ፣ ሽታው ነው። ሦስት ቀን ያቃጥልሃል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ» አለኝ። አልለመድሁትም። ዛሬም ቤቴ ሽንኩርት ሲከተፍ ተነስቼ እወጣለሁ። ባለቤቴ ታውቃለች፣ አትጠይቀኝም።

መጋዘኑ መርሳ ነው፤ የያዙን ግን ወልድያ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው አንድ ካርቶን መጽሐፍ ታቅፌ ወጣሁና ባጃጅ ያዝሁ። ገበያው ጋ ሳንደርስ የታጠቁ ሰዎች የጫነ ፒክአፕ መንገድ ዘጋብን። ካርቶኑን ቀደዱት። አሥራ ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው። መጽሐፍ ሻጭ ነኝ» አልሁ።

ግማሹ እውነት ነው፤ እሸጣለሁ። ሌላው ግማሽ ሽፋኑ ላይ ካለው የብዕር ስም ሥር ተደብቋል። መጽሐፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ ሻጩን ሳይሆን ጸሐፊውን ነው። ሻጭ ሁለት ሦስት ሳምንት ታስሮ፣ ተሰድቦ፣ ይለቀቃል። ጸሐፊው መቼ እንደሚለቀቅ ግን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሻጭ ሆኜ ቀረሁ። ባጃጅ ነጂውንም አብረው ጫኑት። ጥፋቱ እኔን መጫኑ ነው።

ስለ መጻሕፍቱ ልናገርና ልገላገል። ሦስት ትልልቅ ቅጾች ናቸው፣ በምናብ የተሠሩ። አንዲት ከተማ አለች፤ ወደ እሷ የሚገባ ሁሉ በሩ ላይ ጥላውን አስረክቦ ነው የሚያልፈው። በረኛው ጥላውን ከሰውየው ይልጥና ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። ጥላው የተወሰደበት ሰው ቀስ በቀስ የእናቱን ድምፅ ይረሳል። አንባቢ በረኛውን ጠላው። እንዲጠላው ነበር የጻፍሁትም።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከሦስቱ ጎን የምትቆም አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጨመርሁ፤ ካርቶኑ ውስጥ የነበረችው ናት። የበረኛው ልጅነት። ረሃቡ፣ የታመመች እናቱ፣ ሥራ ያጣበት ክረምት። መጨረሻ ላይ በረኛው ብቻውን ቆሞ ያለቅሳል፤ የተሰቀሉት ጥላዎች ከሚስማራቸው ወርደው ፊቱን ይዳብሱታል። አንባቢ በዚች አበደ። በብዕር ስሜ የከፈትሁት ገጽ በልብ ምስል ተጥለቀለቀ። «በጠላት ውስጥ ሰው አሳየኸን» ብለው ጻፉልኝ። ምን ይደበቃል፣ ኮራሁ።

የያዙን ሰዎች ደግሞ በረኛው እኛ ነን ብለው ተቆጡ። ማን ነገራቸው? ራሳቸው።

እኔን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። መጽሐፉ በካርቶን ይላክልኛል አልሁ፣ የንግድ ፈቃዴን አሳየሁ፣ ተዉኝ። ባጃጅ ነጂው የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውምና የሚደብቅ መሰላቸው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ባለ ሹራቡ በሩን ይከፍትና ያስወጣዋል። ባለ ሹራቡ ያልነው ጠባቂውን ነው፤ በዚያ በመርሳ ሙቀት፣ ቆርቆሮው በሚንጣጣበት፣ በእጅ የተሠራ አረንጓዴ ሹራብ አያወልቅም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ጸሐፊው ማነው? ባጃጅ ነጂው የሚያውቀው ከመናኸሪያ ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ነው። ሲመለስ ግራ እጁን በቀኙ ታቅፎ ነው።

«ቲቸር፣ ይሄን ጸሐፊ ካወቅኸው ንገረኝና ልገላገል» ይለዋል አብሮን የታሰረውን መምህር። እየሳቀ ነው የሚለው። እኔ ግድግዳ አያለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው መርሳ አልታሰረም። የኔ ዝምታ ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ባለ ሹራቡ ከአሥራ ሁለቱ መጻሕፍት አንዱን በበሩ ወረወረልን። «ለሽንት ቤት ይሁናችሁ» አለ።

መምህሩ መሬት ሳይነካ ቀለበው። የመርሳ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ሦስቱን ትልልቆች አንብቧል፣ ቀጭኗን ግን አላገኛትም ነበር። ሽፋኗን በሸሚዙ ጠርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። ሌሎቹ ታሪኩን ስለማያውቁ መጀመሪያ ሦስቱን በቃሉ ተረከላቸው። ሁለት ቀን ፈጀበት። አተራረኩ ከኔ አጻጻፍ ይሻል ነበር፤ ይህም አናደደኝ። በስምንተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ቀጭኗን ጮክ ብሎ አነበበ።

ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማ። የበረኛው እናት ስትታመም አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። በልቤ፣ ያዝኋቸው አልሁ። የመጨረሻው ገጽ ሲያልቅ ባጃጅ ነጂው ከተጋደመበት ቀና አለ።

«ቲቸር፣ እስቲ ያቺን የመጨረሻዋን ድገማት።»

መምህሩ ደገማት። ጥላዎቹ ወረዱ፣ ፊቱን ዳበሱት።

«በየትኛው እጃቸው?» አለ ባጃጅ ነጂው።

መምህሩ ገጹን ደግሞ አየ። ያበጠችው ግራ እጁ ጭኑ ላይ ነበረች።

«አይ፣ ልጠይቅ እንጂ። በየትኛው እጃቸው ነው የዳበሱት? ይሄን የጻፈ ሰውዬ ተመቶ አያውቅም።»

«ጸሐፊው ሊል የፈለገው» አለ መምህሩ፣ ረጋ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ፣ «በረኛውም ሰው ነው ነው።»

«ሰው መሆኑን መች አጣሁት? በየጠዋቱ ሹራብ ለብሶ አየዋለሁ።»

ተናደድሁ። ገና በራሴ አይደለም፤ በእሱ። እንደዚያ የደከምሁበትን፣ ስንቱን ያስለቀሰውን ገጽ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ በአንድ ጥያቄ ሲያፈርሰው። በስምንት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠየቅ ተናገርሁ። «መራቡንስ አልሰማህም?»

«እኔ ሆዴ ድንጋይ ነው እንዴ? እኔም ተርቤ አውቃለሁ። ማንን መታሁ?»

አብረውን የታሰሩት ሸህ ጥግ ይዘው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። መርሳ አጠገብ ካለችው ከግራና የመጡ ገበሬ ናቸው፤ በአገራቸው ደም የሚያስታርቁ ሽማግሌ። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ «የሚነግረኝን እኔም እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ። ማንበብ አይችሉም፣ ግን አንድ ቃል አላመለጣቸውም። መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እናንተ ልጆች፣ የምትጣሉበት ሌላ ነው» አሉ። «እኔ ደም ሳስታርቅ ነው ያረጀሁ። ገዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይመጣል። ስንቱ ተርቦ ነው የገደለ፣ ስንቱ ተገፍቶ። ምክንያት የሌለው ገዳይ አላየሁም። ግን መጀመሪያ፣ በገዛ አፉ፣ ‹አጠፋሁ› ይላል። ምክንያቱ ኋላ ነው። ምክንያቱን ካስቀደመ ድንጋይህን ይዘህ ተመለስ እንለዋለን። ይህ የጻፈው ሰውዬ ምክንያቱን አስቀደመ። ‹አፉ በሉኝ› ያላለውን ሰው፣ ጥላ የተወሰደባቸውን ሳይጠይቅ፣ በነሱ እጅ አፉ አለው። ወላሂ፣ እሱ ማን ሆኖ ነው?»

አንድም ልብ የላከልኝ አንባቢ ይህን አላለኝም።

ሸሁ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ሻጩ ነህ፣ ልጄ። ምን ይመስልሃል?»

«እውነትዎን ነው» አልሁ። ከዚያ በኋላ ነው ንዴቴ ወደ ባለቤቱ የተመለሰ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ባለ ሹራቡ ነው፤ እጁ ላይ ሌላ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዟል፣ ጣቱን መጨረሻው ገጽ ላይ ሰክቶ። ዓይኑ ቀልቷል። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል፣ እሱ የሚውል የሚያድረው ውጭ ነው።

«አነበብሁት» አለ፣ ለማንም ሳይል። «የኔም እናት እንደዚህ ታማ ነበር። ይሄን ሹራብ የሠራችልኝ እሷ ናት። እኛን የተረዳን ሰው ቢኖር ይሄ ጸሐፊ ብቻ ነው። ባገኘው እጁን እስመው ነበር።» ከዚያ፣ በዚያው ድምፅ፣ ወደ ባጃጅ ነጂው፦ «ና፣ ውጣ።»

ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ ብዙ ሰው አወድሶኛል፤ እንደዚያ ውዳሴ ያዋረደኝ ግን የለም። ይህ ሰው በኔ ገጽ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ፣ ወደ ሥራው ሊመለስ ነው። ቀለል ብሎታል። ያቀለልሁለት እኔ ነኝ። «ሻጭ ነኝ» በሚል ቃል ውስጥ ተደብቄ፣ ሰባት ጠዋት ሙሉ ሌላ ሰው ተመታልኝ።

ባጃጅ ነጂው ለመነሳት ቀኝ እጁን መሬት ላይ ተከለ። ቀድሜው ተነሳሁ።

«እሱን ተወው» አልሁ። «የጻፍሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቀኝም።»

መምህሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ባጃጅ ነጂውን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልሁም። ባለ ሹራቡ ወደኔ ቀረበ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና መጽሐፉን ዘረጋልኝ።

«ፈርምልኝ» አለ። አፍሮ ነበር የሚናገረው፣ እንደ ማንኛውም አንባቢ።

መጽሐፉን ተቀበልሁት። በመጨረሻው ገጽ፣ ጥላዎቹ ፊቱን ከሚዳብሱበት መስመር ሥር፣ በትልልቅ ፊደል «አጠፋሁ» ብዬ ጻፍሁና ከታቹ ባዶ መስመር አሰመርሁ። ፊርማዬን አላኖርሁበትም። መልሼ ሰጠሁት።

«ከሥሩ ስምህን ጻፍበትና ለእሱ አንብብለት» አልሁት፣ ባጃጅ ነጂውን እያሳየሁ። «የእናትህን ነገር ኋላ እንሰማሃለን።»

አነበበው። ፊቱ ምንም አልሆነም። መጽሐፉን ዘግቶ ሹራቡ ሥር ከተተውና ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ስወጣ ከኋላዬ የሰማሁት የሸሁን መቁጠሪያ ነው፤ እንደገና መቁጠር ጀምረው ነበር።

ባጃጅ ነጂው እኔ ከመጋዘኑ በወጣሁ በአራተኛው ቀን ተለቀቀ። እኔ ሌላ ቦታ ሰባት ወር ቆየሁ። ስለዚያ አሁን አላወራም።

እንደወጣሁ መጀመሪያ የሄድሁት ግራና ነው። ሸሁ ከኔ በፊት ተለቀው ማሳቸው ላይ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ለበሱ። አብረን ወልድያ ገባን። ባጃጅ ነጂው ግራ ክንዱ አይዘረጋም፤ ባጃጁን የሚነዳው ወንድሙ ነው። በራፉ ላይ፣ ከመንገድ ያነሳሁትን ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ ቆምሁ።

«አጠፋሁ» አልሁ። «ሰባት ጠዋት በኔ ስም ስትመታ እያወቅሁ ዝም አልሁ።» ፈርቼ ነው ልል አፌን ስከፍት ሸሁ አዩኝ። ዘጋሁት።

ባጃጅ ነጂው ድንጋዩን እንዳሸከመኝ አቆየኝ። አንገቴ ተቃጠለ። የፈለገውን ያህል የማቆም መብቱ ነው። በመጨረሻ በቀኝ እጁ ብቻ ድንጋዩን አነሳልኝ።

«ከባድ መርጠሃል» አለ።

ምክንያቴን ከዚያ በኋላ ሰማኝ።

ቀጭኗ መጽሐፍ ሁለተኛ ስትታተም መጨረሻውን ለወጥሁት። በረኛው ያው ተርቧል፣ እናቱም ያው ታማለች፤ አንድ መስመር አልቀነስሁም። ጥላዎቹ ከሚስማራቸው ይወርዳሉ፣ ግን አይዳብሱትም። ዙሪያውን ቆመው አንድ ቃል እስኪናገር ይጠብቁታል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል። አንባቢ ቁጣውን አወረደብኝ። «አበላሸኸው» አሉኝ። «ጨካኝ ሆነሃል፣ እስር ቤቱ አመረረህ» አሉኝ። አዎ፣ አመረረኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ደግሞ የወጋውን አቅፌ ያባበልሁ ሰው ነኝና ሁለቱንም መርሳት አልችልም።

ባለፈው ወር ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገባ። ስም የለውም፣ ፎቶ የለውም። «የድሮው መጨረሻ ይሻል ነበር» ይላል። «አንተ ራስህ በእጅህ የጻፍህልኝ ኮፒ አሁንም አለኝ። እሱን ነው የማነበው።»

ስልኩን አስቀምጬ በረንዳው ላይ ተመላለስሁ። ተመልሼ ቁጭ አልሁና እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት፦ «ከሥሩ ስምህን ጽፈሃል?»

አይቶታል። እስከ ዛሬ አልመለሰም። የባጃጅ ነጂውን ሰፈር ያውቀዋል፤ ድንጋይ ደግሞ ከመርሳ እስከ ወልድያ መንገድ ዳር ሞልቷል።