ሶፍት ፍለጋ ወደ ታከር

ዓርብ ጠዋት፣ ከዲኬተር መነሻ

ስለ ሩቅ አገር ጉዞ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የማወጋችሁ እዚሁ አሜሪካ፣ በቫን ግማሽ ቀን ስለፈጀ ጉዞ ነው። የሚስቴ አክስት እትዬ ብዙነሽ ኖርክሮስ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ፊት ለፊታቸው የተከፈተው ትልቅ ሱቅ ዕቃውን በቀጥታ ከካምፓኒ እያወረደ ደንበኞቻቸውን ወሰደባቸው። እሳቸውም ከዚያው ካምፓኒ የጅምላ አካውንት ካላገኙ ሱቁን ሊዘጉ ነው። ሚስቴ «እንግሊዝኛህ ለመቼ ሊሆን ነው?» ብላ የቫኑን ቁልፍ አስጨበጠችኝ። ባልዋሽ፣ በእንግሊዝኛ አልታማም።

ኖርክሮስ

እትዬ ብዙነሽ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።

«ዘገየህ» አሉኝ ገና ሳልወርድ።

«ትራፊኩ ነው እትዬ።»

«አንተ ስትዘገይ መቼ ትራፊክ ጠፍቶ ያውቃል?»

ጾም ስለሆነ ስልስ የተቀባ ዳቦ በፎይል ጠቅልለው ሰጡኝ። ቃሪያው ጉድ ነው፤ እንባዬን እየጠረግኩ ሃይዌይ ገባሁ።

«ሶፍት ነው የምፈልገው» አሉ መንገድ ላይ። «ሶፍት የማይገዛ ሰው የለም። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

«ለእኔ ይተዉት» አልኩ።

ታከር

የካምፓኒው ዌርሃውስ፣ መጋዘኑ ማለቴ ነው፣ ከጎማ ቤቶቹ ጀርባ ነው፤ አንዴ በተሳሳተ በር ገብተን ተመለስን። ቢሮው ግድግዳ ላይ የካምፓኒው ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ የጥርስ ሳሙና፣ የውሻ ምግብ።

«ይሄ ሁሉ የአንድ ካምፓኒ ነው?» አሉ እትዬ።

«አዎ።»

«የጥርስ ሳሙናውም የውሻ ምግቡም? እግዚኦ! ማንኪያውን እንኳ ይለዩልን።»

ኬቨን የሚባል ትሁት የሽያጭ ሠራተኛ ተቀብሎን ደንቡን ነገረን። የመጀመሪያው ኦርደር አይመለስም። በአንድ ወር ተሽጦ ካለቀ አካውንቱ ይጸናል፣ ካላለቀ ይዘጋል።

«ምን ልስጣችሁ?» አለ።

«ሶፍት በለው» አሉኝ እትዬ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሶፍት» አልኩት። ቃሉ ራሱ እንግሊዝኛ አይደል እንዴ!

ኬቨን አሰብ አደረገና «ሶፍትነር?» አለኝ።

እኛ ያሳጠርነውን ስም እሱ ሙሉውን የጠራው መሰለኝ። «የስ፣ የስ! ቫኑን ሙላው!» አልኩት።

እትዬ ክፍያውን ሲጨርሱ ካርቶኖቹ በፎርክሊፍት ተጭነው ጠበቁን።

መልስ ጉዞ

ቫኑ ከኋላ ቁጢጥ ብሏል።

«ወረቀት እንዲህ ይከብዳል?» አሉ እትዬ።

«የአሜሪካ ሶፍት እኮ ባለሦስት ንጣፍ ነው» ብዬ አስረዳኋቸው። ምን አስለፈለፈኝ!

ኖርክሮስ ደርሰን የመጀመሪያውን ካርቶን ስንከፍት ሰማያዊ ፈሳሽ የሞላባቸው ጠርሙሶች ተገጥግጠዋል። ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። ሶፍትነር ለካ የልብስ ማለስለሻ ነው! ሱቁ በእኔ አፍ ሊዘጋ ነው ብዬ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

«እና አፍንጫ በዚህ ነው የሚጠረገው?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን ያደርጋል ይሄ?»

«ልብስ ያለሰልሳል።»

«ጋቢም?»

«ጋቢም ነጠላም።»

አንዱን ጠርሙስ ከፍተው አሸተቱት። በዚሁ መሃል አንዲት ሴትዮ ገብታ «እትዬ፣ ሶፍት አለ?» አለች።

«የአፍንጫ ነው የጋቢ?»

«የጋቢ ደግሞ አለ እንዴ?»

«ጋቢሽ በድራየር መድረቅ ከጀመረ ወዲህ እንደ ጆንያ አልሆነብሽም?»

«ኧረ ይተዉኝ እትዬ! ባሌ አንገቴን ፋቀኝ እያለ ነው» ብላ ሁለት ጠርሙስ ይዛ ወጣች። እኔም የቀሩትን ካርቶኖች ማውረድ ጀመርኩ።

ዲኬተር

ቤት ስገባ ሚስቴ ታሪኩን ሰምታ ሶፋው ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖሬ፣ እኛ ሶፍት የምንለውን አሜሪካኖች ቲሹ እንደሚሉት የተማርኩት ታከር ድረስ ሄጄ ነው። ሰው የራሱን ቃል በሰው አገር ቋንቋ ሲያገኘው ቆም ብሎ ይጠርጥር፤ ከዚህ ጉዞ የተረፈኝ ምክር ይሄ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ «የጋቢ ሶፍት የት ነው?» እያለ ሱቁን አጥለቀለቀው። ወሩ ሳይገባደድ ካርቶኖቹ አለቁ፣ አካውንቱም ጸና። ያን ዕለት እትዬ ደወሉልኝ።

«ነገ ታከር ትወስደኛለህ።»

«በደስታ! አሁንማ ቲሹ ብዬ በትክክል...»

«አንተ ምንም አትልም። ሶፍቱን በእጄ ይዤ አሳየዋለሁ። አንተ ፓርክ አድርገህ ውጭ ጠብቀኝ።»