ሮቦቱን የጡት ልጅ ያደረገው ማን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ብርዷን ለቃብን፣ እኔና ዮናስ ካፌ ጥግ ላፕቶፕ ከፍተን ተጠግተን ተቀምጠናል። ዮናስ ከአዲስ አበባ ወደ ፋብሪካችን የመጣ መሐንዲስ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው... ግን የቆየ ነገር ሁሉ ያንገሸግሸዋል።

«የድሮ የሳይንስ ፊልም በሙሉ እንደ አዲስ መሠራት አለበት» አለኝ። «ያንተ ዘመን መንኮራኩር እኮ ማንቆርቆሪያ ነው የሚመስለው!»

ያሳየኝ ፊልም እኔ ልጅ ሆኜ ያለቀስኩበት ነው፤ የጠፈር አዛዡና የሮቦቱ ታሪክ። እንደ አዲስ ሠርተውታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፍንዳታ! አዛዡ ጡንቻውን ሊያሳየን ሸሚዙን ያወልቃል... ጠፈር ላይ! ለዚህ ዝባዝንኬ ያን ሁሉ ብር ማፍሰስ... ከልቤ ናቅኳቸው። ይባስ ብለው ዋናውን ቦታ ቆርጠው ጥለውታል።

«አዛዡ ሮቦቱን የጡት ልጅ የሚያደርግበት የታለ?» አልኩት።

«የምን ልጅ?»

ይሄንንም አያውቅም! «የሌላ ሰው ልጅ ወስደህ እንደ ወለድከው ልታሳድገው ስትፈልግ፣ አውራ ጣትህን ማር ነክረህ ታጠባዋለህ። ከዚያ ወዲያ አባቱ ነህ፤ አለቀ። ሮቦቱ መጨረሻ ላይ ለአዛዡ ብሎ የሚሞተው ለምን ይመስልሃል?»

«ፈረንጅ ፊልም ውስጥ ማር ማጥባት?» ብሎ ሳቀብኝ።

«የድሮውን ክፈትና እፈር!»

ከፈተው። ከሥሩ ትርጉሙ ተጽፎበታል። አዛዡ አውራ ጣቱን ጣሳ ውስጥ ነከረ፣ የሮቦቱ አፍ ውስጥ ከተተ... «ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። ጽሑፉ ግን «መንጋጋህ ዝጓል፤ ግራሶ ያስፈልግሃል» ይላል።

ዮናስ ጠረጴዛውን እየደበደበ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ በንዴት ጥዬው ወጣሁ።

በቀጥታ ጋሽ ታደለ ጋ ሄድኩ። ያኔ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዘው ፊልም ይተረጉሙልን የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው።

«ጋሼ፣ ሮቦቱን የጡት ልጅ ያደረገው ማን ነው?»

ወረቀት እየደረደሩ ቀና እንኳ አላሉም። «እኔ ነኛ!»

«ፊልሙ እኮ ግራሶ ነው የሚለው! ዛሬ መሳቂያ አደረጉኝ እኮ!»

«እንግሊዝኛ የት አውቄ?... ባውቅስ? ያኔ አሳዳጊህ ከመዘዞ አምጥቶ የጡት ልጁ ካደረገህ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ልጆቹ ‹አባት የለሽ› እያሉ ያሳድዱሃል። የፊት አግዳሚ ላይ ኩርምት ብለህ አይሃለሁ... ታዲያ አንተ ፊት ‹ግራሶ ቀባው› ልበል?»

እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ፊልም ወዲህ «አባት የለሽ» ያለኝ የለም። «ሮቦቱ» ይሉኝ ጀመር... እኔም በጣም ኮራሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ፊልሙ የሰጠኝ ነበር የሚመስለኝ።

ሰኞ ዮናስ ሥራ ቦታ እያሾፈ መጣ። «እሺ፣ ታዲያ የቱ ይሻላል? የድሮው ወይስ አዲሱ?»

«ሁለቱም የጋራዥ ወሬ ናቸው» አልኩት። «ፊልሙን የሠሩት ጋሽ ታደለ ናቸው፤ የእሳቸውን እንደ አዲስ እሠራለሁ የሚል ወንድ ካለ ይምጣ!»