ጋሽ ጆሮ ዘሎ ያለፈው ክፍል

ጋሽ ጆሮ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ በዛበት የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ነው። እንኳን የጊታር ክር፣ የጎረቤት በር ሲጥ ሲል እንኳ ቀና ብሎ «ይሄ በር ትናንት ዝቅ ይል ነበር፤ ማጠፊያውን ዘይት አልቀቡትም» ይላል። ሄደው ሲያዩት እውነት ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ማን ይከራከረዋል?

የሥራ ክፍሉ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል ነው። ጊታሮቹ በአንገታቸው ተንጠልጥለዋል፤ ወናፉ የተቀደደ አኮርዲዮን ጥግ ላይ ተኝቷል፤ ሁሉም ነገር ኮላና የእንጨት ብናኝ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሲመቱት አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ባለሁለት ጣት መቃኛ ብረት አለ። ጉልበቱን መታ ያደርግበትና ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። «ሰው ይዋሻል፤ ይሄ አይዋሽም» ይላል። አንድ ሕግ አለው፤ ከዚህ ቤት ያልተቃኘ ዕቃ አይወጣም። አንዴ አንዱ ደንበኛ «ኧረ ጋሼ አልጫወትበትም፣ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው» ቢለው፣ «ግድግዳህስ ምን በደለ?» ብሎ ቃኝቶ ነው የሰጠው።

ሌላው ጠባዩ ወሬ አለመቻሉ ነው። ደንበኛው «ቫዮሊኑ የተሰበረው የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነው፣ እንግዲህ እኔ በስተግራ ቆሜ...» ሲል፣ «ወደ ፍሬ ነገሩ!» ይላል። ባለቤቱ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ነው የምትሠራው። ውላ መጥታ ዛሬ ስለገጠማት ሰው ልታወራው ስትጀምር፣ «ወደ ፍሬ ነገሩ!» ይላታል። «ፍሬ ነገሩማ እግሬን አመመኝ ነው» ትልና ጫማዋን አውልቃ ትተወዋለች። እሷም ለምዳዋለች፤ መልመድ ግን መውደድ አይደለም።

ልጃቸው ሚጡ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጊታር ትጫወታለች፤ ከማን ወርሳው እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀችለትና «አባዬ፣ አንድ አኒሜ ላሳይህ፤ ሙዚቃ ነው» አለችው። የጃፓን ካርቱን መሆኑን ሲያይ ፊቱ ኮምጠጥ ቢልም፣ ሙዚቃ ከተባለ ብሎ ተቀመጠ።

«የላውንደሪው ባንድ» ይባላል። ሦስት ልጃገረዶች በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጓሮ ክፍል ውስጥ ባንድ ያቋቁማሉ። ያቋቁማሉ ማለት እንኳ ይከብዳል። አንዷ አንሶላ ታጥፋለች፤ ሌላዋ ሻይ እስኪፈላ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ከአንዱ ሸሚዝ ላይ አንዲት ቁልፍ ትወድቅና ስድስት ደቂቃ ሙሉ በጉልበታቸው እየዳሁ ይፈልጓታል። መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ይዘፍናሉ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ጋሽ ጆሮ። «ይሄ እኮ ቁልፍ ፍለጋ ነው! ሙዚቃው የታለ?»

ይተወው ነበር። ግን በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ጉድ አሰኘው፤ ጊታር የምትመታው ልጅ ጣቶች ልክ በሚገባቸው ቦታ ላይ ነበሩ የተሳሉት። የሰማው ድምፅ የሚወጣው እነዚያው ጣቶች በእነዚያው ክሮች ላይ ሲያርፉ ብቻ ነው። ከሶፋው ተነሣ። «ጣቷ ልክ ነው! አንቺ፣ ጣቷን አየሽው?» እያለ ጮኸ። በቃ፣ ያዘው።

ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ግን ሪሞቱን እሱ ያዘ። ልጆቹ ማውራት ሲጀምሩ ወደፊት ይዘላል፤ ሙዚቃ ሲጀምር ያቆማል። ሃያ ሁለት ደቂቃውን በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

«አባዬ፣ ታሪኩ እኮ እዚያ ውስጥ ነው!»

«የቱ ታሪክ? አንሶላ ማጠፍ?»

ሦስተኛው ክፍል ላይ ሳይወድ በግዱ «ከበሮ መቺዋ እጇ ተፍታቷል፤ ነውር የለውም» ብሎ አመነ። ሚጡ ደስ አላት። ደስታዋ ግን አንድ ሳምንት ብቻ ቆየ። አራተኛው ክፍል ላይ እንደ ልማዱ ዘሎ ዘሎ ዘፈኑ ጋ ሲደርስ፣ ጋሽ ጆሮ ጊንጥ እንደነደፈው ሰው ብድግ አለ። ሮጦ ብረቱን አመጣ። ጉልበቱን መታ፣ አዳመጠ።

«ወርዷል! ጊታሩ ባለፈው ሳምንት ከነበረበት ሁለት ደረጃ ወርዷል! እንዲህ ጣት አሳምሮ የሚስል ሰው እንዴት ቅኝት ይረሳል?»

«አባዬ፣ እሱ እኮ ዘፋኟ...»

«ወደ ፍሬ ነገሩ! ወርዷል አልወረደም?»

«ወርዷል፤ ግን...»

«በቃ!»

ሚጡ አፏን ዘጋች። እሱም ቴሌቪዥኑን ዘጋ። ያን ሰሞን ክር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ስለ ጃፓን ካርቱን ውድቀት ሳይሰማ አልወጣም።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላዋ ልጅ ልንገራችሁ። የሚጡ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ጎርናና ይሏታል። ድምፅዋ ከወንዶቹም ይወፍራል። ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አንብቢ ተብላ ስታነብ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ስም ሲጠራ እንኳ «አቤት» አትልም፣ ጣቷን ነው የምታወጣው። ጋሽ ጆሮ ቤት ስትመጣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ትሰጥና ታልፋለች። እሱም ደህና ነሽ ብሎ መልሱን ጠብቆ ስለማያውቅ፣ ያ ሁሉ ጆሮ እያለው ድምፅዋን አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም። ሚጡ ግን ሰምታለች። ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ ጎርናና ስታንጎራጉር ሰምታ፣ ስድስቱንም የጊታሯን ክሮች ሁለት ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጋ «እስቲ አሁን» አለቻት። ልጅቷ ዘፈነች። ሁለት ወር በድብቅ ተለማመዱ፤ በመንፈቅ ዓመቱ መዝጊያ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊያቀርቡም ተመዘገቡ።

የዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ሚጡ ገላዋን እየታጠበች ነው፤ ጊታሩ በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ በሩ አጠገብ ቆሟል። እንግዲህ ሕጉን ታውቃላችሁ። ጋሽ ጆሮ ከፈተው። ብረቱን መታ። ወርዷል። ስድስቱም እኩል፣ ሁለት ሁለት ደረጃ። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን፣ በራሱ የላላ ክር እንዲህ እኩል አይላላም፣ ይሄ የታሰበበት ነው ይል ነበር። ጋሽ ጆሮ ግን የታየው ካርቱኑ ነው። «አየህ! የልጄን ጆሮ አበላሹት!» አለና ስድስቱንም አጥብቆ፣ አስተካክሎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ማኅደሩን ዘጋ። ልጄ መድረክ ላይ ስትደርስ ትመርቀኛለች ብሎ ለብቻው ፈገግ አለ።

መድረክ ላይ ሚጡ የመጀመሪያውን ምት ስትመታ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን ተጀምሯል፣ ጋሽ ጆሮም የተቀመጠበት አዳራሽ ጢም ብሏል። ጎርናና ገባች። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ እንደምንም ሄደች። ዘፈኑ ሽቅብ ሲወጣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው መቼ ያቅተዋል። ልጅቷ ማይክራፎኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

«አባዬ፣ ጊታሬን ነካህ?» አለች ሚጡ ቤት ሲደርሱ።

«ወርዶ ነበር፤ አስተካከልኩልሽ።»

«አላስተካከልከውም። ለእሷ ብዬ ነበር ያወረድኩት።» አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ በተሻለው ነበር። «አራተኛውን ክፍል እየው። ሳትዘል።»

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጎርናና ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ስትመለስም ያው ጣት ማውጣቷ ላይ ነች። የወላጆች ቀን በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ለዚያም ዝግጅት ተመዝግበው ስለነበር ስማቸው ከዝርዝሩ ላይ ገና አልተሰረዘም፤ ልጅቷ ግን «ሁለተኛ አፌን አልከፍትም» ብላ በወረቀት ጽፋ ለሚጡ ሰጥታታለች። ጋሽ ጆሮ ይህን የሰማው ከባለቤቱ ነው። ክው አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃ ሲያድን የኖረ ሰው፣ በገዛ እጁ የሰው ድምፅ ሰበረ።

እሑድ ጠዋት አራተኛውን ክፍል ብቻውን ከፈተው። ባለቤቱ የደረቀ ልብስ ይዛ መጣችና «ና፣ ጫፉን ያዝልኝ» አለችው። አንሶላ ነበር። አንሶላውን ይዞ አየ።

አሥራ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሦስቱ ልጆች አንሶላ ያጥፋሉ። ዘፋኟ ልምምድ ላይ ከፍ ያለው ዜማ አልሆን ብሏት ተከፍታለች፤ ማንም አላነሣባትም። ስታጥፍ፣ ሳታውቀው፣ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ትጀምራለች፤ ዝቅ ብላ፣ በራሷ ድምፅ። ጊታር መቺዋ እጇ ላይ ያለውን ፎጣ ቀስ ብላ ታስቀምጥና ጊታሯን አንሥታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ታላላለች። ከዚያ ይዘፍናሉ። ዘፋኟ እስከ መጨረሻው አታውቅም፤ ዛሬ ድምፄ ሆነልኝ ብላ እየዘለለች ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

«እኔ ይህን ነው የዘለልኩት» አለ ጋሽ ጆሮ። በጣም አፈረ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ባለቤቱ፣ አንሶላውን ከእጁ እየተቀበለች። «ደግሞ ካርቱኑን ብቻ መሰለህ? እዚህ ቤትም ስንት ክፍል ዘለሃል።»

ጋሽ ጆሮ ከአንደኛው ክፍል ጀምሮ፣ ሪሞቱን ጓዳ ወስዶ አስቀምጦ፣ እንደ አዲስ ጀመረ። ያቺ ቁልፍ የማን ሸሚዝ ላይ እንደነበረች ሲያውቅማ ዓይኑ እንባ ሞላ። አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ስታዩት ትደርሱበታላችሁ። ማታ እራት ላይ «ሚጡዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጓደኛሽን አምጪልኝ፤ ራሴ ይቅርታ ልጠይቃት» አለ። ሚጡ ሳህኗን እያየች በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ መጡ። ጎርናና በሩ ላይ ቆመች፤ እንደ ልማዷ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ጋሽ ጆሮ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ልጄ፣ ያን ዕለት የተበላሸው ያንቺ ድምፅ አይደለም። ጊታሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» የሚጡን ጊታር አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ወፈር ያሉ ክሮች አስገብቶበታል፤ ሲላላ እንዳይንጣጣ። «ዝፈኚ አልልሽም። እንዲያው ዛሬ እንዴት ዋልሽ?»

ልጅቷ ሚጡን አየች፤ እሱን አየች። ጠበቀ። ሚጡ አባቷ መልስ ሲጠብቅ አይታ ስለማታውቅ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ደህና» አለች ጎርናና በመጨረሻ፣ በዚያ ወፍራም ድምፅ።

«ከዚያስ? እንዴት መጣችሁ?»

«በአውቶቡስ። ማለት... መጀመሪያ አመለጠን፤ የእሷ ጫማ ክሩ ተፈትቶ...»

«እሺ፣ ከጫማው ጀምሪ» አለ ጋሽ ጆሮ።

ጀመረች። የጫማው ክር፣ ያመለጠው አውቶቡስ፣ መቀመጫ ላይ ተኝቶ የመውረጃ ፌርማታው ያለፈው ሰውዬ፣ ሾፌሩ ያለው፣ ሰውዬው የመለሰው። ስታወራ ማፈሯን ረሳችው፤ ሳቀችም። ጋሽ ጆሮ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ድምፅዋን እየሰማ የመቃኛ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያዞራል፤ ያላላል፣ ክሯን ነካ ያደርጋል፣ ደግሞ ያላላል። ሁለት ደረጃ ሳይሆን ሦስት ደረጃ ወረደ። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነው፤ አልነካውም። ወሬዋን ስትጨርስ ጊታሩን ለሚጡ አቀበላት፤ ሚጡ ቀስ ብላ መታችው። ጎርናና የምትገባበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ ፈራች፤ ከዚያ በአፍንጫዋ ጀመረች፣ ከዚያ በአፏ። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው፤ የተንጠለጠሉት ጊታሮች ሁሉ ማንም ሳይነካቸው አብረዋት አስተጋቡ።

በወላጆች ቀን ጋሽ ጆሮ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሳቅ የሞከሩ ነበሩ፤ ዘፈኑ ሽቅብ ሲወጣና ልጅቷ አብራው ስትወጣ ጭጭ አሉ። አጠገቡ የነበረ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ጠጋ ብሎ «ጊታሩ ዝቅ አላለም?» አለው።

«ዝም ብለህ ስማ» አለው ጋሽ ጆሮ። «ለእሷ ልክ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚጡ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ብቅ አለች። «አባዬ፣ የመጨረሻው ክፍል ቀርቶናል። ትመጣለህ?»

ኮላ የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገና ተከትሏት ገባ። ሶፋው ላይ ቦታ ለቃለታለች። ሪሞቱ መሐል ላይ ነበር፤ አንሥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«አንቺ ያዢው» አለ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ ባለቤቱን ተጣራ። «አንቺ፣ ነይ እንጂ! ያን ትናንት መስኮትሽ ላይ የመጣውን ሰውዬ ነገር እስኪጀምር ጨርሽልኛ!»