ያልነሳው ኮምፒውተርና ሰባቱ መዝሙሮች

ሰኞ ከሰዓት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ተመልሼ የኮምፒውተሬን ቁልፍ ስጫን ምንም አልሆነም። መብራት አላበራም፣ ማራገቢያው አልዞረም። ደግሜ ተጫንኩት። ሦስተኛ ጊዜ አውራ ጣቴን እላዩ ላይ አስደግፌ ቆየሁ። ዝም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሻይ ጠጥቼ እመለስበት ነበር። ያን ቀን ግን ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም በዚያ ሳጥን ውስጥ የጎረቤታችን የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ ነበር። ሐሙስ ማለዳ እንቅርታቸውን ሊያስወጡ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሐኪሙ እብጠቱ ለድምፅ ነርቭ እንደተጠጋ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ድምፃቸው እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል በግልጽ ነግሯቸዋል። እሳቸውም ከሐኪሙ እንደወጡ ቀጥታ የመጡት እኔ ቤት ነበር።

የአርጆ ሰው ናቸው፤ ነቀምቴ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ ነው የኖሩት። በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ መዝሙር ያወጣሉ። ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው ነው፣ በኦሮምኛ፣ አንዱም ወረቀት ላይ የለም። ሰፈሩ በሙሉ አዳዳ ይላቸዋል፣ የአባት እህት እንደማለት። የእኔ አባት ከጎጃም የመጣ ነው፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ይሁንና አፍ ከፈታሁ ጀምሮ ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

መቅጃ ክፍሌን ስቱዲዮ ስላት ባለቤቴ ትስቃለች። ከቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፌ መስኮቷን በብርድ ልብስ ጋርጄዋለሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሥራ የለም፤ ሲያባራ ደግሞ ባጃጁ ይነሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባጃጅ እስኪያልፍ፣ የጎረቤት ዶሮ እስኪበቃው እየጠበቅን ሰባት መዝሙር ቀዳን። ሰባተኛውን የጨረስነው እሑድ አመሻሽ ላይ ነው። ወደ ፍላሽ አልገለበጥኩትም። ነገ እገለብጠዋለሁ አልኩ። ነገ እያሉ በማሳደር የሚያህለኝ የለም።

ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር። መጀመሪያ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ሶኬቱን በሬዲዮ ሞከርኩት፤ ይሠራል። ስታብላይዘሩን ሞከርኩት፤ መርፌው ተነስቶ ቦታው ላይ ቆመ። ገመዱን በሌላ ለወጥኩ። ቀጥሎ ሲስተም ዩኒቱን ከፈትኩና አቧራውን አራገፍኩ። ራሙን አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ ፈገፈግኩት፤ እኛ አገር የኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መጀመሪያ በላጲስ ነው የሚታከመው። የማዘርቦርዱን ባትሪም አውጥቼ መለስኩ። ምንም።

ያኔ ወደ ሰው ዞርኩ። ባለቤቴን፣ ስቱዲዮው ሶኬት ላይ ካውያ ሰክታ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልሰካችም። ዳንቴል ለምን ታለብሺዋለሽ፣ ታፍኖ ነው የሞተው አልኳት። ዳንቴሉን ካነሳችው ዓመት ሊሞላው ነው። እየተቆጣሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ቁጣው ከፈራሁት ነገር ይሻለኝ ነበር።

አዳዳ የመጡት በዚህ መሀል ነው። እንደ ልማዳቸው ከበሩ ጀምረው በኦሮምኛ፣ ቤቱ እንዴት ዋለ፣ ሰዉ እንዴት ዋለ እያሉ ገቡና ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን አዩ።

«ምን ሆነ፣ ኢልማኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

«መብራቱ በልቶት ነው አዳዳ። ትናንት ማታ ሲደክም አላዩትም? እንዲህ እየደከመና እየበረታ ዕቃ ይፈጃል።»

ወደ እኔ አዩ፣ ቀጥሎ ወደ ሳጥኑ አዩ። «እንግዲህ መብራቱ ይሁና» አሉ። እጃቸውን ሲስተም ዩኒቱ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ሌላ ቀን ቢሆን ለኮምፒውተር ይጸለያል ወይ ብዬ እቀልድባቸው ነበር። ያን ቀን እኔም በሆዴ አሜን አልኩ።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወደ ገበያው ወሰድኩት። እዚያ ሬዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ጋሼ አሉ፤ ዛሬ ኮምፒውተርም ይሠራሉ። ሰው የሚያምናቸው የማይችሉትን አልችልም ስለሚሉ ነው። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ሾፌር አላነሱም፣ መለኪያ አላነሱም። አፍንጫቸውን ወደ ጀርባው አስጠግተው አሸተቱ።

«ጧ ያለ ድምፅ አልሰማችሁም?»

«እኔ አልነበርኩም። ልጠይቅ» ብዬ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ሰኞ ረፋድ ላይ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ። የጎረቤት አቮካዶ ቆርቆሮው ላይ የወደቀ መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንተ የጠየቅከኝ ስለ ካውያና ስለ ዳንቴል ነው።»

ጋሼ እስክጨርስ ጠብቀው ሳጥኑን አዞሩልኝና በጣታቸው አመለከቱ። የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት ቦታ አጠገብ ቀይ ትንሽ ማንሸራተቻ አለች። በአንድ በኩል ሁለት መቶ ሠላሳ፣ በሌላው መቶ አሥራ አምስት የሚል ቁጥር ይወጣባታል። ለየአገሩ መብራት እንድትሆን የተሠራች ናት። የእኔዋ መቶ አሥራ አምስት ላይ ነበረች።

«ይህችን ማን ነው ዝቅ ያደረጋት?»

«እንጃ» አልኩ።

እንጃ አልኩ እንጂ ሲጠይቁኝ ሁሉም ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር። በሰፈራችን አመሻሽ ላይ፣ ሁሉም የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲያበራ፣ መብራቱ ይደክማል፤ አምፖሉ ብርቱካን ይመስላል። ያኔ ስታብላይዘሩ ቀጭ ቀጭ እያለ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። መብራቱ ሲደክም ቀይዋን ወደ ታች አውርዳት፣ በትንሽ መብራት ትሠራልሃለች ብሎ አንድ ጓደኛዬ ነግሮኝ ነበር፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የሰማው። እሑድ ማታ አዳዳ ማይኩ ፊት ቆመው እየጠበቁ ሁለት ጊዜ ሲጠፋብኝ፣ ገመዱን ከስታብላይዘሩ ነቅዬ ቀይዋን አወረድኳትና በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካሁት። እውነትም ሠራ። ሰባተኛውን መዝሙር ቀዳን፣ አጠፋሁት፣ ቀይዋን ግን ሳልመልሳት ገመዱን ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ትቼው ተኛሁ። ሰኞ ረፋድ፣ እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ፣ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው መብራት በሙሉ ኃይሉ መጣ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ መናገር አቃተኝ። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ መቶ አሥራ አምስትና ሁለት መቶ ሠላሳ መሀል ያለውን ልዩነት የማያውቅ የሒሳብ መምህር መባልን ፈራሁ።

ጋሼ ፓወር ሰፕላዩን ፈትተው ውስጡን አሳዩኝ፤ ካፓሲተር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሲሊንደሮች አናታቸው ፈንድቶ ተከፍቷል። ከሌላ የሞተ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አውጥተው ገጠሙልኝ። ቁልፉን ሲጫኑ ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ላይ ፎልደሩን ከፍቼ ስቆጥር ሰባቱም አሉ። በሱቁ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ስላልነበረ መስማት አልቻልንም። ዲስኩ የመዝሙሮቹን ስም እያሳየ ውስጡ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ሳይሰማ አይታመንም አሉ ጋሼ። የቤቱን መስመርም ማየት ስለፈለጉ ረቡዕ ከሰዓት እንደሚመጡ ነገሩኝ።

ረቡዕ በዚያች ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ተጠጋጋን፦ አዳዳ ወንበሩ ላይ፣ ባለቤቴ በሩ ላይ፣ ጋሼ ስታብላይዘሩ አጠገብ፣ እኔ ማውሱን ይዤ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። የአዳዳ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ባለቤቴ እንባዋን ጠረገች። ስድስቱንም ሰማን፤ ሁሉም ደህና ናቸው።

ሰባተኛውን ስከፍት መዝሙር አልመጣም። የመጣው ወሬ ነው። የመቅጃውን ቁልፍ ቀድሜ ተጭኜ ኖሯል።

«ኢልማኮ፣ ያን ቀዩን ነገር ስንጨርስ ወደ ቦታው መልሰው» ይላሉ አዳዳ። «ሂንደገቲን፤ እንዳትረሳ።»

«እሺ አዳዳ።»

«እሺ እሺ አትበለኝ። አውቅሃለሁ እኮ፣ ትረሳለህ!»

«አልረሳም አልኩ አይደል? በሉ አሁን ይዘምሩ፣ መብራቱ ሳይሄድብን!»

መዝሙሩ ጀመረ። ከክፍሉ ውስጥ ማንም መዝሙሩን የሰማ አይመስለኝም። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «እንጃ ነበር ያልከኝ መምህር?» አሉ። ባለቤቴ፣ «ዳንቴሉ ነው» ብላ ወደ ውጭ ወጥታ ሳቀች። አዳዳ አንገታቸውን በእጃቸው ደግፈው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ሰኞ ሲመጡ ያውቁ ነበር» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፊትህ ዐመድ መስሎ አይቼ ልጨምርብህ?» አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሁሉንም ያኔውኑ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፤ ለእሳቸው አንድ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው አንድ። ከሁለቱም ላይ ከሰባተኛው መዝሙር ፊት ያለውን ወሬ ቆርጬ ጣልኩት። ምእመኑ የእኔን ጭቅጭቅ ይስማ እንዴ? ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዋናውን ግን አልነካሁትም፤ ከስንፍና እንጂ ከሌላ አይደለም።

ሐሙስ ሄዱ። ቀዶ ጥገናው ደህና አለቀ፤ ሐኪሙ እንደፈራው ግን ድምፃቸው ሻክሮ ቀረ። በጊዜ ሊሻል ይችላል ተብለዋል። ሲናገሩ ከሹክሹክታ ብዙ አያልፍም፤ ገበያ ውስጥ እንኳ ሻጩን የምትጠራላቸው ልጃቸው ናት። በቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹ መዝሙሮቹን ከፍላሹ ተምረው ይዘምራሉ፤ እሳቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ብቻቸውን መጥተው ስቱዲዮው ውስጥ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩን አስነሳሁና የትኛውን መዝሙር እንደምከፍትላቸው ጠየቅኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፃቸው ስለማይሰማ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«መዝሙሩ በፍላሹ አለኝ» አሉ። «የተቆጣሁህን አሰማኝ።»

ከፈትኩላቸው። አውቅሃለሁ እኮ፣ ትረሳለህ የሚለው ላይ ሲደርስ እንድደግመው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ደገምኩላቸው። ከቀዳሁት ውስጥ የዘመሩበት ሰባት ቦታ አለ። በድሮ ድምፃቸው እንዲሁ እንደ ቤታቸው ያወሩበት ያ ብቻ ነው።