እያለቀሰ የሚደውልልኝ አሰልጣኝ

ሱሪዬ ሁሉ አልዘጋ ቢለኝ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ እያለከለክሁ መሮጥ ጀመርኩ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንድ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ፣ "አይዞህ ልጄ፣ ትከሻህን ፈታ አድርገው" አሉኝ። ሲመክሩኝ አልወድም። ቆምኩና፣

"አባባ፣ ስለ ሩጫስ ለእኔ ባይነግሩኝ ይሻላል። በኦሎምፒክ ሁለት መቶ ሜትር የሮጠው የሰፈራችን ሰው ነው ያሰለጠነኝ" አልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር ሰውየውን በዝና እንጂ በመልክ እንኳ አላውቀውም።

"እንዴ! አሰልጣኝነቱስ እንዴት ነው?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

"ኃይለኛ ነው! እኔን ግን ይወደኛል። እስከ ዛሬ እየደወለ 'ለምን አቆምክ?' እያለ ያለቅሳል።"

ይህን ስጽፍ ራሱ ፊቴን የት እንደምደብቀው አላውቅም። እሳቸው ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ በጥሞና ሰሙኝ።

ይሄኔ ቱታ የለበሱ ስድስት ወጣቶች ከባሕር ዛፎቹ መሃል ሮጠው ወጡና፣ "ኮች፣ አሟሙቀን ጨርሰናል" ብለው ፊታቸው ተሰለፉ። ሽማግሌው ከድንጋዩ ተነሡ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

"ተዋወቁት፣ የድሮ ተማሪዬ ነው። ለምን አቆምክ እያልኩ ሳለቅስለት የኖርኩት። ዛሬ ይቺን ዳገት አሥር ጊዜ አብሯችሁ ይወጣል።"

ሦስተኛው ላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።