የእትዬ ዘሀራ አረንጓዴ ቀሚስ

ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ የማላውቀው ወጣት ደወለልኝ። የራሔል ወንድም ነኝ አለኝ። ራሔል እዚህ በርገን፣ ኖርዌይ፣ ከእኛ ጋር የምታስቀድስ የሁለት ልጆች እናት ናት። ለፍልሰታ ቤተሰቧን ይዛ አገር ቤት ልትገባ ትኬት ቆርጣ ቀን እየቆጠረች ነው።

«እናታችን ትናንት ተቀበረች» አለኝ። «ራሔል እርስዎን እንደ እናት ነው የምታይዎት። እስክትመጣ እንዳትሰማ ይጠብቁልን። እዚህ ስትደርስ በወጉ እናረዳታለን።»

እሺም እንቢም አላልኩትም። «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ ዘጋሁና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ላይ የመጣው አንድ አረንጓዴ ቀሚስ ነበር።

በርገን የገባሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ግርማ ዓሣ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ እኔንና ሕፃኗን ልጃችንን ማርታን አስመጣን። አቃቂ ክረምት ይገባል፣ ይወጣል፤ በርገን ግን ዝናቡ መውጫውን የረሳ ይመስላል። ልጄን የፕላስቲክ ሱሪ አልብሶ ጭቃ ላይ መልቀቅን ተማርኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም ማለቴንም ተውኩ፤ ሰዉ ይደነግጣል። ቡናማውን አይባቸውን መጀመሪያ ስቀምሰው ስኳር የተሳሳተበት መስሎኝ ነበር። ጾም ሲገባ ሱቅ ውስጥ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ወተት ያለበትንና የሌለበትን ስለይ ሰዓት ይሄድብኛል።

በዚያ ሁሉ መሀል የምኖርለት አንድ ጉዞ ነበረኝ። ማርታን ስወልድ ምጡ ጸንቶብኝ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስዬ ነበር። አባቴ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ስለቱን ከእኔ በላይ ይዞት ነበር። «ለሐምሌው ንግሥ ነይ» ይለኛል በስልክ። «ከአቃቂ ጣቢያ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ቁልቢ በመኪና። አንቺ ልጅሽን ያዢ፣ ጥላውን እኔ እይዘዋለሁ።»

ቤታችን ስልክ ስላልነበረ እሁድ እሁድ የምደውለው ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ሱቅ ነው። እትዬ ዘሀራ ከወሎ መጥተው አቃቂ የከረሙ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። ስልኩን ያነሱና ቤታችን ድረስ ሮጠው ይጠሩልኛል።

ከየካቲት ወዲህ ግን ወደ ስልኩ የምትመጣው እማዬ ብቻ ሆነች። «አባትሽ ጸበል ገብቷል» አለችኝ። ዐቢይ ጾም ገባና «ሱባኤ ላይ ነው» ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ገዳም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። አባባ በእርጅናው እንዲህ መበርታቱን ለግርማ በኩራት እነግረዋለሁ። በየማታው ስሙን ጠርቼ ጤና ስጠው እላለሁ።

ግርማ ፈቃድ ስላላገኘ በሐምሌ ማርታን ይዤ ብቻዬን አገር ቤት ገባሁ። ቦሌ የተቀበሉኝ እማዬና ወንድሜ ሰለሞን ናቸው። እማዬ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗል፣ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። እትዬ ዘሀራ ለኢድ የሚለብሱት ቀሚስ ነው፤ አየሁትና አወቅሁት።

«እማዬ፣ ቀሚሱ አንቺን ለብሶሻል እኮ» አልኳት።

«የውጭ አገር ሰው ልቀበል ብዬ ተዋስኩ» ብላ ሳቀች።

«አባባስ?»

«ቀድሞሽ ቁልቢ ሄዷል» አለ ሰለሞን፣ ሻንጣውን እያነሳ።

ትንሽ ከፋኝ። ጥላውን ማን ሊይዝልኝ ነው? መንገዱን ሁሉ ሰለሞን፣ ያ ወሬኛ፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ሳሪስ አቦ ጋ ስንደርስ ተሳለምኩና በሰላም ስላገባኸኝ ተመስገን አልኩ።

ምሳ ምንቸት አልጫ ነበር። በልተን እንደጨረስን ሻንጣዬን ከፈትኩና ለአባባ የገዛሁትን ጫማ አወጣሁ። የቁልቢ ጭቃ እንዳያንሸራትተው ሶሉ ጥርስ ያለው ነው። «እዩት እስቲ» ብዬ ዘረጋሁ። ማንም እጁን አልሰነዘረም።

ይኼኔ እማዬ ጭን ላይ የተቀመጠችው ማርታ የአያቷን ሻሽ ያዘችና ሳበችው።

እናቴ ትከሻዋ ድረስ የምትጎነጉነው ጸጉር ነበራት። አሁን እንደ ወንድ ልጅ ተሸልቷል። በእኛ ዘንድ ሴት ጸጉሯን እንደዚያ የምትሸለተው ባሏን ስትቀብር ነው።

ማርታ ሳቀች።

«መቼ?» አልኩ።

«በየካቲት» አለች እማዬ። «ልቡ ነው። አልተሠቃየም።»

«ነገ ንጋት ላይ ነበር የምናረዳሽ» አለ ሰለሞን። «ሽማግሌዎቹም፣ የንስሐ አባታችንም ተነግሯቸዋል።»

አላለቀስኩም። ጫማው እጄ ላይ ነው፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። «አምስት ወር ሙሉ ለጤናው ጸለይኩ እኮ» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነበር።

«ምን ላድርግ ልጄ? በሰው አገር፣ ባልሽ ሥራ፣ አንቺ ሕፃን ታቅፈሽ፤ ማን እጅሽን ይዞ ያስለቅስሽ?»

በርገን ውስጥ የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

እትዬ ዘሀራ በዚያው ሰዓት እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ ገቡ። የእማዬን ራስ ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ መጥተው ከእግሬ ሥር ተቀመጡ።

«እኔ አንድ ቀን አልዋሸሁሽም፣ ልጄ» አሉኝ። «አባባ እንዴት ነው ስትዪኝ፣ ቆይ እናትሽን ልጥራልሽ ብዬ እሮጣለሁ። ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም።»

እውነታቸውን ነው። ከየካቲት ወዲህ የእሁዱን ስልክ ሁሉ በልቤ መለስኩት፤ አንድም ቀን ደህና ናቸው አላሉኝም። ከየጥያቄዬ በኋላ የምሰማው እየራቀ የሚሄድ የነጠላ ጫማቸውን ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ቁልቢ ከእማዬ ጋር ሄድን። ማርታን እሷ አዘለች፣ ጥላውን እኔ ያዝኩ።

እማዬን ይቅር ካልኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ያደረገችው ከፍቅር ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ለሕያዋን ስጸልይ፣ የእገሌንና የእገሊትን ስም ስጠራ፣ ምላሴ ይያዛል። ይኖሩ ይሆን?

ከሰዓት በኋላ ለራሔል ወንድም መልሼ ደወልኩ። «እንደ ድሮ አይደለም፤ አሁን እዚህ ሰው አለን» አልኩት። «ነገ ንጋት ላይ፣ ቄሱን ይዘን፣ ቤቷ ሄደን እኛው እናርዳት። ብቻዋን አናደርጋትም።»

«እናንተ ከያዛችኋት፣ እሺ» አለኝ።

ለሴቶቹ አንድ በአንድ ደዋውዬ ሳልጨርስ ራሔል ራሷ ደወለች። ሱቅ ውስጥ ናት፤ ሙዚቃ ይሰማል።

«እትዬ አስካለ፣ ለእማዬ ነጩ ሹራብ ይሻላል ቀዩ? ብርዱ እንዴት አድርጓት ይሆን?»

«ቆይ» አልኳት። «ዛሬ አትግዢ። እኔ እመጣለሁ።»

ከዚያ በላይ አንድ ቃል ብጨምር ውሸት ይሆንብኝ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ነጠላዬን ከቁም ሣጥን አውጥቼ በሩ አጠገብ ሰቀልኩት።