ወይኖ የወጣበት በር

እኔን ሲያስሩኝ በሬዬንም አብረው አሰሩት። በሬ ስላችሁ የሚተነፍስ አይደለም፤ ከፌስታል የሠራሁት ነው። ፖሊሶቹ ተጋግዘው ፒካፑ ላይ ጫኑትና እኔን ከጎኑ አስቀመጡኝ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን እንዳይወድቅብኝ ቀንዱን ይዤ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይኖ የሚባል የእርሻ በሬ ነበረኝ። አንድ ክረምት ሆዱ ተነፋ፣ መብላት እምቢ አለ፣ በዚያው ሞተ። ሥጋው በክት ነው፤ ቆዳው እንኳ ይትረፈኝ ብዬ ስገፈው ሆዱ ውስጥ ያገኘሁት ሣር አልነበረም። ፌስታል ነው። ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው አንድ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ከዚያ ወዲያ እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። ገመድ መግመድ ከልጅነቴ እችላለሁ፤ ትምህርት ቤት ግን ብዙም አልሄድኩም። ከየገበያው ፌስታል ለቅሜ እንደ ገመድ እየገመድኩ በቀርከሃ ላይ ጠቀለልኩት። ፍየል ሠራሁ፣ አህያ ሠራሁ። ቁይ ገበያ መሐል፣ ደጀን መኪና መቆሚያው ላይ እያቆምኩ «ከብቶቻችን ይህን እየበሉ ነው» እያልኩ ለሰው አሳየሁ። በመጨረሻ ራሱን ወይኖን ሠራሁት። ቀንዱ የገዛ ራሱ ነው። ሆዱን ክፍት ተውኩትና ያንኑ ድንጋይ የሚያህል ጥቅል መልሼ አስቀመጥኩበት።

ከላይ እንግዶች ወደ ወረዳችን የመጡ ዕለት፣ ይዩልኝ ብዬ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ አቆምኩት። አዩት። ያየው ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔም ተያዝኩ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ እስረኛ ሞልቶበታል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሽታው የላብና የእርጥብ ጋቢ። በትንሿ መስኮት ግቢው ይታያል፤ ወይኖን ዝናብ ላይ ከምሰሶ ጋር አስረውታል። የደጀን ሰው የሆነ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አብሮን ታስሯል፤ አፉ አያርፍም።

«አባባ፣ በሬውን የጠፈሩት ሮጦ እንዳያመልጥ ነው?»

«ንፋስ እንዳይጥለው ይሆናል ልጄ።»

«ተዉ፣ ተዉ። እሱም ምርመራ አለበት።»

በማግስቱ አዛዡ ጠራኝ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም ጌታው። በሬዬ ሞቶ ነው።»

«እንግዳ ፊት ያዋረድከን በራስህ ነው? ማን ከፈለህ?»

«ለፌስታል ክፍያ አይጠየቅም ጌታው። መሬት ላይ ሞልቷል።»

ነጭ ጋዝ በጀሪካን አስመጣና እግሬ ሥር አስቀመጠ። «በገዛ እጅህ አቃጥለውና አሁኑኑ ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ።

የጤፍ ዘር ጊዜ ነበር። መሬቴ ታየኝ። ቀና ስል ደግሞ የክፍላችንን መስኮት አየሁ።

«ፌስታል ሲነድ ጭሱ መርዝ ነው። እነዚያ ሁሉ በመስኮቱ ይስቡታል። አላቃጥልም።»

«እንግዲያው እዚሁ ትከርማለህ!»

«እከርማለሁ» አልኩ።

ያን ቀን ልጄ እንጀራ በጥቁር ፌስታል ቋጥራ ላከችልኝ። ሆዴ እየጮኸ፣ «በእናትሽ አገልግል ካላመጣሽልኝ አልበላም በላት» ብዬ በጠባቂው መለስኩት። የቆዳ አገልግል ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከግድግዳ ወርዶ አያውቅም።

ያላሰብኩት ነገር ግን ነበር። የክፍሉ ታላቅ እኔ ነኝ። ታላቅ ባርኮ ሳይቆርስ ማንም እጁን አይዘረጋም። ለሌሎቹ የመጣውም በፌስታል ነውና እኔ ዝም ብዬ ስቀመጥ ሁሉም ዝም ብሎ ተቀመጠ። ወጡ በረደ።

«ብሉ እንጂ ልጆቼ።»

«እርስዎ ሳይቆርሱ?» አለ ሹፌሩ። «በፌስታል ምክንያት በረሃብ ሊጨርሱን ነው አባባ!»

ባረኩላቸው፤ ቆርሼ አጎረስኳቸው። እኔ ሳልቀምስ ቀረሁ። ሹፌሩም ሁለተኛ ጉርሻ አልቀበል አለ። ተነሥቶ በሩን ደበደበና ጠባቂውን ጠራው። «ለባለቤቴ ንገርልኝ። ከእንግዲህ ምግቤ በፌስታል አይምጣ!» ሌላውም ተነሣ። ሌላውም።

እሑድ ረፋድ መስኮቱ ላይ ተደራርበን አየን። ከግቢው በር እስከ መንገዱ ሴቶች ተሰልፈዋል። አገልግል ያዘለች አለች፣ ሳህን በነጠላ የቋጠረች አለች፣ ድስቷን በዘንቢል ያንጠለጠለች አለች። አንድ ፌስታል የለም። ጠባቂዎቹ የአገልግሉን ክዳን ሁሉ እየከፈቱ ሲፈትሹ የዶሮ ወጥ ሽታ ግቢውን ሞላው። አዛዡ ወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

አንዲት ባልቴት ቀደም አሉ። «ላሜን የቀበርኩት በዚሁ ፌስታል ምክንያት ነው ጌታዬ። በሬው የታለ? አሳዩን።»

«የእኔም ጥጃ!» አለች ከኋላ አንዷ። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ የየራሱን ሟች መጥራት ጀመረ። የሚፈትሸው ጠባቂ የአንዱን አገልግል ክዳን እንደያዘ፣ «የእኛም ቤት ጊደር እንዲሁ ነው የሞተችው» አለ፣ ቀስ ብሎ። አዛዡ ወይኖ ዘንድ ሄደ። ጎንበስ ብሎ በተከፈተው ሆድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየ።

ሰኞ ጠዋት አስጠራኝ።

«አባባ፣ ነጭ ጋዝ ጠፋ። በሬዎን ይዘው ይሂዱ።»

ጀሪካኑ ሙሉ እንደሆነ ከጀርባው ተቀምጧል። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከግቢው መውጫ ላይ ጠባቂው ትንሿን በር ከፈተልኝ። ወይኖን ቀንዱ አላሳልፍ አለው። «ቀንዱን ይንቀሉት» አለኝ።

«ሲገባ በትልቁ በር ነው የገባው። በዚያው ይወጣል።»

ትልቁ በር የሚከፈተው ለመኪና ነው፤ ያውም ለአለቆች። ጠባቂው አዛዡን አየ። አዛዡ ራሱን ነቀነቀ። በሩ ሲጢጥ እያለ ተከፈተ፤ ተጋግዘው ያስገቡት ፖሊሶች ተጋግዘው አወጡት። ከመስኮቱ ሹፌሩ እንደ አራሽ ጮኸ፦ «ሃ! ሳብ ወይኖ!» ክፍሉ በሙሉ ተቀበለው። እኔ ፊት ፊት ሄድኩ።

ዛሬ ወይኖ የገበያው መግቢያ ላይ ቆሟል። ፀሐይ ቀለሙን አጥቦታል፤ ቀንዱ ግን እንዳለ ነው። ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው በአጠገቡ ያልፋሉ። ያ ሹፌርም ከተፈታ ወዲህ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋለታል። ወይኖ መልስ አይሰጥም፤ በእሱ ፈንታ ለሹፌሩ እጄን የማነሣው እኔ ነኝ።